የንግሥቴ ምድጃ

በ1961 ዓ.ም. ንግሥቴና ባሏ ይሄይስ ከማንኩሳ ተነሥተው አዲስ መሬት ሊያቀኑ ዓባይ በርሃ ወረዱ። የቆላው ነፋስ እሳት በጉልቻ አላስቀምጥ አለ፤ እንዲያውም አንድ ቀን ፍንጣሪው የጎጆዋን ክዳን ለበለበው። ይሄይስ ጨው ሊገዛ ቡሬ በወጣበት ሳምንት ንግሥቴ የኩይሳ አፈር ቆፍራ፣ ከጭድና ከአመድ ጋር ረግጣ፣ በላምባ ቆርቆሮ ዙሪያ መርጋ፣ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ሠራች። መዳፏ ተሰነጣጠቀ። ግን በእፍኝ ጭራሮ ወጥ የሚያበስል ምድጃ ወጣላት።

ይሄይስ ተመልሶ ሲያየው ተደነቀ። ወዲያው ጅጋ ገበያ ወጣና «ሠራሁት» እያለ አወራ።

የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ክንፈሚካኤል የሰፋሪዎቹን ልጆች ሊያስተምሩ ወደ በርሃው ወርደው ነበር። ወሬውን ቢሰሙ፣ ለእሳቸውም እንዲሠራላቸው ሊጠይቁ መጡ። ይሄይስ ደረቱን ነፋ። የንግሥቴ አንጀት እርር አለ፤ ባልን በእንግዳ ፊት ማዋረድ ደግሞ ነውር ነው። ጠላ ቀዳችና ፊቷን ወደ መሪጌታ አዞረች።

«መንገዱ እንዴት ነበር፣ መሪጌታ? በቅሎዋስ ሙቀቱን ቻለችው? እኛማ ይመስገነው፣ ምድጃ አግኝተናል። ለካ የምድጃ ነገር አፉ ላይ ነው... አፉ ከሰፋ እንጨቱን ይፈጃል እንጂ ምንም አያበስልም። ይህን የተማርሁት ከአንድ ሰው ነው። እንዴት ያለ ባለሙያ መሰለዎት! ሌላው ሰው ጭቃ ሲያቦካ ወገቡ ይጎብጣል፤ እሱ እቴ፣ ቡሬ ተቀምጦ እዚህ ያቦካል። በዚህ ዘመን ጻድቅ ካልሆነ ማን በሁለት ቦታ ይገኛል? ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ። እውነት ነው... ወሬ ግን ያጣፍጣል፣ አይደል? ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም ሞልቷል፤ ይህኛው ግን ኩበቱን ለቅሞ ሲያበቃ ‹ላሚቱም እኔው ነበርሁ› ይላል። ደግነቱስ! የረዳውን ሰው ስም አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም። ውዳሴ ከንቱ እንዳይሆንባት አስቦ ይሆናላ...»

መሪጌታ የንግግሯን ወርቅ ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። የዝንብ ጭራቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሳቃቸውን ዋጡና፣ እንግዲያው ሰኞ ይሄይስ መጥቶ ይሥራልኝ አሉ። ይሄይስ አንገቱን ደፋ። ሰኞ አረም እንዳለበት፣ በእሱ ፈንታ ንግሥቴ ብትሄድ እንደሚሻል፣ እሷም ሥራው ትንሽ ትንሽ እንደሚገባት አጉተመተመ።

ያቺ «ትንሽ ትንሽ» ንግሥቴን ልታስቃት ደረሰች። ከዚያ የበለጠ እውነት ከአፉ እንደማይወጣ ታውቃለች፤ ለዛሬ ይኸው ይበቃታል። የባሏን ዋንጫ ሞልታ ሰጠችውና እንደገና ወደ መሪጌታ ዞረች።

«እሄዳለሁ፣ መሪጌታ፤ ደስ እያለኝ። እርስዎ ብቻ ያን ባለሙያ ይመርቁልኝ... ጭቃ ያላየ እጁን ቁርጥማት አይንካው፤ ምድጃውን የሠራበትን አፉንም እግዜር ይባርክለት።»