አባ ድጅኖ የጠጡት ውሃ

የበደለችኝ ሴት ባለ ጠርሙሷ ናት፤ ይኸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አያታለሁ። ከሟች አስቀድሜ እሷን ያነሣሁት፣ ዛሬ ለቀስተኞች የማነብላችሁን የባለቤቴን የሕይወት ታሪክ ያለ እሷ ልጽፈው ብሞክር አልሆን ስላለኝ ነው። የተማረ ሰው ይጻፈው ብትሉኝም እምቢ ያልኩት፣ አርባ አራት ዓመት አብሬያቸው የኖርኩት እኔ እንጂ የተማረ ሰው ስላልሆነ ነው።

ባለቤቴ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲሞቱ ደብተሩን አስቀምጠው ድጅኖ አነሡ፤ አባ ድጅኖ የሚለው ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው። በዚህ ሰፈር ካሉት ሠላሳ አንድ ጉድጓዶች ሃያ ስድስቱ የእጃቸው ሥራ ሲሆኑ፣ ከሁሉ ጥልቁን ለእኔ ለሙሽራቸው በግቢያችን ቆፈሩልኝ። ሌላው ለሚስቱ ወርቅ ሲያስር እሳቸው ውሃ አወጡልኝ፤ በዚያ ውሃ ሦስት ልጆች አሳደግን።

የዛሬ አምስት ዓመት ባለ ጠርሙሷ የጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ እየቀዳች እንድታስመረምር ከጤና ቢሮ ተልካ ጉድጓዶቹን የሚያውቅ ሰው ስትጠይቅ እሳቸውን ጠቆሟት፤ ከዚያ ወዲያ ባለቤቴን የማያቸው በምሳ ሰዓት ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ከጉድጓዳችን ከቀዳች በኋላ በገዛ በረንዳዬ ላይ አስቀምጣቸው፣ በቀን ስንት ኩባያ፣ ለስንት ዓመት እንደጠጡ ጠይቃ ጻፈች፤ ሚዛን ላይ አቆመቻቸው፤ መርዝ ካለ በጥፍር ይታወቃል ብላ እጃቸውን በእጇ ይዛ ጥፍራቸውን ቆረጠችና በፖስታ አሸገችው። ያ ጥፍር አርባ ዓመት በእኔ ምላጭ የተቆረጠ ነው። ተራዬ ደርሶ እኔን ስትጠይቀኝ በሩን ዘጋሁባት፤ ለጎረቤቶቼም «ጠርሙሱ ሰበብ ነው፣ ባል ልትቀማ ነው የምትዞረው፣ እንዳትከፍቱላት» አልኩ። እኔ ያልኩት ደግሞ ይሰማል፤ አሥራ አንድ ግቢ ዘጋባት። ጉድጓዳቸውም ሰዉም ሳይመረመር ቀረ።

ከተመረመሩት ጉድጓዶች በዘጠኙ አርሴኒክ የሚሉት፣ ማንም ያልጨመረው፣ ከዐለቱ የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ተገኘ፤ የባሰው የእኛ ነበር። ባለቤቴ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ከማዘጋጃ ቤቱ ቧንቧ እንቅዳ ሲሉኝ፣ ምክሩ የማን እንደሆነ አውቄ፣ «የሙሽርነቴን ውሃ በእሷ ወሬ አልደፋም፤ ከፈሩ አፈላልዎታለሁ» ብዬ በየቀኑ ግማሹ እስኪቀር አፈላሁት። ማፍላት ውሃውን እንጂ መርዙን እንደማያተን፣ ጭራሽ እንደሚያወፍረው ባለ ጠርሙሷ ስትናገር በጆሮዬ ሰምቼ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እሳቸው ይህን እያወቁ ከእጄ ተቀብለው ይጠጡ ነበር። ምን ያድርጉ፣ ካልጠጡ አኮርፋለሁ።

እያደር መዳፋቸው ነጠብጣብ አወጣ፣ ውስጥ እግራቸው እንደ ቅርፊት ደረቀ፤ አምና ሐኪሞቹ ፊኛቸው ላይ ካንሰር አገኙ። ባለ ጠርሙሷ ሆስፒታል ሰባት ጊዜ መጥታ ጠይቃቸዋለች፤ ቆጥሬያለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ መሰናበቻዬ ነው ብዬ ጆሮዬን ባስጠጋ፣ «አሥራ አንዱ ግቢስ?» ብለው አረፉ። በዚያም ቀናሁ።

የቀረነው እኔ፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ነን። ለሰው ውሃ ሲፈልጉ ዕድሜያቸውን የጨረሱትን ባለቤቴን፣ እግዚአብሔር መርዝ ከማይደርስበት ምንጭ አጠገብ ያሳርፍልኝ፤ እኔ እስክመጣም ሌላ ሴት አትቅዳላቸው።

ለቅሶ ቤቱን ጥላ ወጣች እያላችሁ ስታሙኝ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ወጥቻለሁ። ባረፉ በማግስቱ ጠዋት ባለ ጠርሙሷን ከቢሮዋ ጠርቼ፣ ከፊቷ እየሄድኩ ከአሥራ አንዱ የመጀመሪያውን ግቢ አንኳኳሁ። ጎረቤቴ በሩን ገርበብ አድርጋ «አትክፈቱላት ያልሽን አንቺው አይደለሽም እንዴ?» ብትለኝ፣ «ያኔም የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም የምናገረው እኔ ነኝ፤ ክፈቺ» አልኳት።