አራስ ቤቱና የአቶ ገብረ መድህን ጥርጣሬ

በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ሰኔ እንደ ገባ፣ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ከአሰላ ገበያ በታች ባለው መንገድ ወደ ቤቴ ስወርድ ጎረቤቴን አቶ ገብረ መድህንን አገኘኋቸው። በብብታቸው ሁለት ጣውላ ይዘዋል፤ በሌላ እጃቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ምስማር ጨብጠዋል። ዝናቡ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ሊደርስብን ስለ ነበር ጣውላውን ልያዝልዎ ብዬ እጄን ብዘረጋ ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። እኚህ ሰው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚዘረጋ እጅ ሁሉ ሊወስድባቸው የመጣ ይመስላቸዋል።

«ምን ሊሠሩበት ነው?» አልኳቸው።

«ለመስኮት።»

«መስኮት ሊያስወጡ?»

«የለም፤ ያለውን ልቸነክረው ነው።» ወደ ኋላቸው ዞር ብለው ከተመለከቱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አበባ ወሯ ገብቷል። የምትታረስበት ክፍል መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። ነፋስ ይገባል፤ የሰውም ዓይን ይገባል። ደግሞ ከቀበሌ ክፍል የሚቆጥሩ ልጆች ይዞራሉ አሉ። ባዶ ነው ካሉ ነገ ሰው ያስገቡብኛል። አንተ አልሰማህም?»

«እኔ አልሰማሁም።»

«መምህር አይደለህ? አንተ ካልሰማህ ማን ሊሰማ» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የደበቅኋቸው ነገር እንዳለ በልባቸው ወስነው ነው የተለያየነው።

አበባ የአንድያ ልጃቸው የኃይለየሱስ ሚስት ናት። ኃይለየሱስ ካለፈው ገና ወዲህ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ዘምቷል፤ በሕይወት ስለ መኖሩም ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ሲገኝ ብቻ ነበር የሚሰማው። ስለዚህ አሁን የሚወለደው ሕፃን ለሽማግሌው ምናቸው እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ከሁለት ዓመት በፊት የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ ክርስትና ሳትነሣ በዚያው ክፍል ሞታባቸዋለች። ልጅቱ ከመታመሟ በፊት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዙቤዳ ገብታ፣ አቅፋ፣ «እንዴት ታምራለች» ብላ ነበር። አቶ ገብረ መድህን ከቀብር እንደ ተመለሱ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን አጥር በቁመት ጨመሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዙቤዳ ሰላምታ ሰጥተዋት አያውቁም። እሷም የጨርቅ ንግዷን ይዛ፣ በበራቸው ስታልፍ ፊቷን በሻሽ እየሸፈነች ትኖር ነበር። ይህ ነገር እኔን ያናድደኝ ነበር። ሆኖም ጎረቤት ከጎረቤት አላጣላም በሚል ሰበብ ዝም ብዬ ከረምኩ።

በማግስቱ ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ አበባ በአጥሩ ጠራችኝ።

«ጋሽ አሰግድ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በክፍሉ ሳድር ራሴን ይወቅረኛል፤ ያጥወለውለኛል። ወደ ውጭ ስወጣ ይተወኛል። አባባ ብርድ ነው ብለው ከሰል ይጨምሩልኛል፤ ያን ጊዜ ይብስብኛል። እባክዎ ኢፍቱን ያምጡልኝ።»

ኢፍቱ የዙቤዳ ልጅ ናት። በሁሩታ በጤና ረዳትነት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ወደ እናቷ ትመጣለች።

«ራስሽ ብትጠሪያት አይሻልም?»

«የዙቤዳ ልጅ ደጃፌን አትረግጥም ብለዋል። እኔ ደግሞ ያቺኛዋን ቀብሬአለሁ። ይህኛውን ይዤ እዚያው ክፍል መግባት ፈራሁ» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ አላጣላም ማለቱ አላዋጣኝም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢፍቱን ይዤ ሄድኩ። አቶ ገብረ መድህን በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቡም አላሉን፣ ተመለሱም አላሉን።

«ማን ነው የላከሽ?» አሏት።

«ማንም አልላከኝም አባባ። አበባን ልያት ብዬ ነው።»

«ከጤና ጣቢያ ነው ወይስ ከቀበሌ? ክፍሉን ለክተሽ ልታስመዘግቢ እንደ ሆነ እቅጩን ንገሪኝ።»

«ሜትር አልያዝኩም፤ እጄን ይዩት» ብላ ሁለቱንም መዳፎቿን ዘረጋችላቸው።

እኔም እንደ ልማዴ ስለ ንጽሕና ጥቅም ረዘም ያለ ንግግር ጀመርኩ። መንግሥት ትርፍ ቤት ከወረሰበት አዋጅ ተነሥቼ፣ ትርፍ ቤት የሚባለው ሰው የሚኖርበትን ክፍል እንዳልሆነ አስረድቼ፣ ወደ አየርና ብርሃን ልሻገር ስል ሽማግሌው «አንተን እንኳ ጆሮ ጠቢ ናቸው ከሚሏቸው አልቆጥርህም ነበር» ብለው አፌን አስያዙኝ። በዚህ መካከል አበባ ከውስጥ «እንግዶቹ ይግቡ እንጂ አባባ» ስትል እንግዳ በደጅ ማቆሙ አሳፈራቸውና ከበሩ ገለል አሉ።

ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ቆምን። መስኮቱ በጣውላ ተቸንክሮ ቀዳዳው ሁሉ በጭቃ ተደፍኗል። በአንድ ጥግ የዘር ስንዴ የሞላ ጆንያ ተደርድሯል። ይህ ከገበሬ ማኅበሩ የወሰዱት፣ ተባይ እንዳይነካው መድኃኒት የተቀባ፣ ቀላ ያለ ዘር ነው። እዚያ ያስቀመጡት ክፍሉ ባዶ አይደለም ለማሰኘት ነበር። መካከል ላይ የከሰል ምድጃ ግሟል። ከአበባ አልጋ አጠገብ ለሚወለደው ሕፃን የተሰናዳ ትንሽ መኝታ አለ። ፍራሹ ከአሮጌ የዘር ጆንያ ተሰፍቶ ገለባ ተጠቅጥቆበታል፤ በላዩ ነጭ ዱቄት ተነስንሷል። ሽማግሌው ይህን ሲያሳዩን ድምፃቸው ለዘብ አለ። በገዛ እጃቸው የሰፉት ነበር።

«ነጩ ምንድን ነው አባባ?» አለች ኢፍቱ።

«ዲዲቲ ነው። ቁንጫና ትኋን እንዳይነካው። ወባ ከሚረጩት ሰዎች ለምኜ ያመጣሁት ነው። መንግሥት ራሱ በቆላ በየቤቱ የሚረጨውን እኔ ባደርገው ጥፋት ሊሆን ነው?»

«እነሱ የሚረጩት ግድግዳ ነው፤ እሱንም ምግብና ልብስ አስወጥተው። መኝታ ላይ አይነሰንሱትም። ሕፃን አፍንጫው ከፍራሹ አይርቅም። እጁን ይጠባል፣ የተኛበትን ይልሳል። ለቁንጫ ያሉት ዱቄት የሚገባው እሱ ሆድ ነው።»

«ታዲያ ቁንጫ ይብላው?»

«አይብላው። ገለባው ፀሐይ ይምታው። ልብሱ በፈላ ውሃ ይቀቀል። ወለሉ ይለቅለቅ፤ ዶሮዎቹ ከቤት ይውጡ። ቁንጫ የሚራባው በአቧራና በጨለማ ውስጥ ነው።»

«ጨለማ አልሽ።» ፊታቸው ጠቆረ። «ገና ከመግባትሽ መስኮቱን ልታስከፍቺኝ ነው። ማን ሊያይበት? እናትሽ ናት የላከችሽ።»

ኢፍቱ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። «እናቴ እዚህ መሆኔን አታውቅም። ብታውቅ ትከለክለኝ ነበር። በዚህ ደጃፍ ባለፈች ቁጥር ምን እንደሚሰማት አልነግርዎትም፤ የመጣሁበት ጉዳይ እሱ አይደለም። መስኮቱን ያልኩት ስለ ከሰሉ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል ሲነድ የሚወጣው ክፉ አየር ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይወስደዋል። የአበባም ራስ ምታት ከእሱ ይመስለኛል።»

«የአሰላን ሐምሌ አታውቂውም እንዴ? በብርድ ይሙት?»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት አባባ። ምድጃው ከክፍሉ ይውጣ። ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ፣ በጋቢ ውስጥ ሆኖ ይሙቅ፤ ከእናት ገላ የሚበልጥ ምድጃ የለም። ፀሐይ ስትወጣ መስኮቱ ይከፈት። መንገደኛ እንዳያይ ስስ ጨርቅ ይጋረድበት።»

«ሁሉን ነገር ተምራችሁ መጣችሁ። እናቴ በዚህ ክፍል ሰባት ልጅ...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አንዲት ዶሮ በተከፈተው በር ገብታ ወደ ተቀደደው ጆንያ ሮጠች። ሽማግሌው ንግግራቸውን ትተው፣ ዕድሜያቸውን በማይመስል ፍጥነት ተነሥተው፣ በዱላቸው እያካለቡ እስከ ግቢው አባረሯት። ሲመለሱ ያለከልኩ ነበር።

«ለምን አባረሯት?» አለች ኢፍቱ።

«ዘሩን ለቀመች ማለት ሞተች ማለት ነዋ። አምና ሁለት እንቁላል ጣይ ፈጅቶብኛል።»

«የሕፃኑ ፍራሽ የተሰፋበት ጆንያ የዚያው ዘር ጆንያ አይደለም?»

«ታጥቧል።»

«ያጠቡበትን ውሃ ምን አደረጉት?»

«ከብቶቹ እንዳይጠጡት ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት።»

ኢፍቱ ዓይኗን ወደ ትንሹ መኝታ መለሰች። እኔም እንኳን ንግግር ልጀምር፣ ወዴት ልይ ብዬ ነበር የጨነቀኝ። አቶ ገብረ መድህን ዱላቸውን ተደግፈው ያንን ትንሽ መኝታ ያዩ ጀመር። ምሁራን ነን የምንል ሰዎች ሽማግሌ የማያውቅ ይመስለናል። እኚህ ሰው ግን መርዙን አሳምረው ያውቁታል፤ ለዶሮና ለከብት የሚጠነቀቁትን ያህል እውቀታቸውን ወደ ልጅ መኝታ አላመጡትም ነበር። ያን ያህል ጊዜ በር በሩን ሲጠብቁ የፈሩት ሁሉ ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ነው።

ኋላም «ያን ጊዜም የዘር ወቅት ነበር» አሉ።

በዱላቸው ጫፍ ወደ ጆንያው አመለከቱ።

«ያቺኛዋ በተወለደች ጊዜ። ዘሩ እዚሁ ነበር። ዱቄቱንም የነሰነስኩት እኔ ነኝ።» ወደ ኢፍቱ ዞሩ። «ንገሪኝ። አትፍሪኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«አላውቅም አባባ» አለች ኢፍቱ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «አልነበርኩም፤ ሕመሟንም አላየሁም። ሕፃን የሚገድል ብዙ ነው። የማላውቀውን በእርስዎ ላይ አልፈርድም። ግን የማይታወቀውን ነገር በእናቴም ላይ አይፍረዱባት።»

አበባ ከአልጋው ጫፍ ተነሥታ የአማቷን ክንድ ያዘች። «እኔም ከጎኗ ተኝቼ ነበር አባባ። እኔም አላወቅኩም» አለቻቸው።

ሽማግሌው ክንዳቸውን አስለቅቀው ወጡ። ተቆጥተው የሄዱ መስሎኝ ኢፍቱን እንሂድ ልላት ስል መዶሻ ይዘው ተመለሱና ከመስኮቱ ላይ ምስማሩን ይነቅሉ ጀመር። አንዱ አልወጣ ሲላቸው «ምን ቆመህ ታያለህ፣ ያዝልኝ እንጂ» አሉኝ። ጣውላውን ያዝኩላቸው።

በዚያው ሳምንት ዘሩ እስኪዘራ ድረስ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ተመለሰ። ያንን ፍራሽ ከውሃ ርቆ በተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ቀበሩት፤ እንዳይቃጠል የከለከለች ኢፍቱ ናት፤ ጭሱም ይጎዳል ብላ። የተረፈውን ዱቄት እሷው ጠቅልላ ወሰደችው። ግድግዳው በኖራ ተቀባ፤ ወለሉ ተለቀለቀ። አዲሱ ፍራሽ ከአቡጀዲ ተሰፋ፤ ገለባውን ሽማግሌው ራሳቸው ፀሐይ ሲወጣ እያወጡ፣ ሲደምን እያስገቡ አደረቁት። ጥርጣሬያቸው ግን ባንድ ቀን አልለቀቃቸውም። ለኢፍቱ «ይህስ ኖራ ደህና ነው? ሳሙናውስ?» እያሉ መቀመጫ አሳጧት። እኔ ይህን ጥርጣሬ ወደድኩት፤ ቦታውን አግኝቷልና።

አበባ ምድጃው ከወጣበት ሌሊት ጀምሮ ራሷን አላመማትም። ሐምሌ ሲገባ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። የቀበሌው ልጆችም እንደ ተፈራው መጥተው ነበር። በመስኮቱ አራሷንና ሕፃኗን አይተው፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው ሄዱ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ለአራስ ክፍል ስታሰናዳ ምን ልጨምርበት ከማለትህ በፊት ምን ላውጣ በል። ዘርና የተባይ መርዝ ሰው ከሚተኛበት ይራቁ፤ ከሰል በተዘጋ ቤት አይንደድ፤ ብርሃንና አየር ይግቡ፤ ልብሱ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ይምታው። ይህ ሁሉ ወጪው ጉልበት ብቻ ነው። በመንደራችን ከዚያ ክረምት ወዲህ ዘር ከመኝታ ቤት ያወጡ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለራስ ምታትም ከሰል መጨመር ቀርቷል።

ልጅቱ ወር ካለፋት በኋላ አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ፣ አቶ ገብረ መድህን ወደ አጥሩ ሄደው «ወይዘሮ ዙቤዳ» ብለው ሲጣሩ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ጠሯት፤ ሦስተኛው ላይ ነው የመለሰችው። ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። ሻሿን ወደ ግንባሯ አውርዳ ወለል ወለሉን ታያለች። ያመጣችውን ጨርቅ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ «እንኳን ማረሽ ልጄ» አለች፤ አልጋውን ግን ቀና ብላ አላየችም። ከዚያ ልትወጣ ዞረች።

ሽማግሌው ልጅቱን ከአበባ ተቀብለው በዙቤዳ ክንድ ላይ አኖሯት።

«ቀና በዪና እዪያት» አሏት።

«ማሎ፣ እባክዎን ይቅርብኝ አያ ገብረ መድህን። ያቺንም አይቻት ነበር።»

«ያቺን ሁላችንም አይተናታል። መኝታዋን ያነጠፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ያጠፋሁትም በአንቺ ላይ ነው። እዪያት።»

ዙቤዳ ቀስ ብላ ዓይኗን አነሣች። ሽማግሌው ልጅቱን ሊቀበሏት እጃቸውን አልዘረጉም፤ እስክትጠግብ አየቻት።