ሁሉም በየአቅሙ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ

ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ክቡር የመምሪያ ኃላፊያችን፣

ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሩን ለደረደራችሁ፣ ኬኩን ላስጋገራችሁ፣ ከሁሉም በላይ ማይክሮፎኑን ላልነፈጋችሁኝ። በዚህ አዳራሽ ስናገር "እባክዎ በአጭሩ" የሚል ብጣሽ ወረቀት ያልደረሰኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ወይስ ገና ነው? ክቡር ኃላፊ፣ እጅዎ ወደ ኪስዎ ሲሄድ አይቻለሁ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም እየሳቅኩ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ካልሆነልኝ ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አዲስ የገባችሁ አታውቁኝ ይሆናል። እኔ ያረጀሁት ሥርዓተ ትምህርት ክፍል ነው፤ በኮሪደሩ በስተቀኝ፣ በሩ ሲከፈት የሚያቃስተው ቢሮ። ልጆች በየክፍላቸው ምን ይማሩ የሚለውን የምንጽፈው እኛ ነን። በስተግራ ያሉት ደግሞ ኢንስፔክሽኖች ናቸው፤ እኛ የጻፍነው በየትምህርት ቤቱ መሠራቱን እየዞሩ ያያሉ። በመካከላችን ያለው ኮሪደር ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እሱን ለመሻገር ግን ዕድሜዬ አልበቃኝም።

ብዙ ነገር ጽፌያለሁ፤ አብዛኛውን ውሃ በልቶታል፣ እሱም ብዙ አይቆጨኝም። አንዱ ግን ያንገበግበኛል። "ሁሉም በየአቅሙ" ያልነውን መመሪያ ታስታውሱታላችሁ?

ነገሩ ቀላል ነበር። እስቲ አንድ አራተኛ ክፍል ግቡ። አንዱ ልጅ ጋዜጣ ያነባል፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ፊደል አልለየችም። መጽሐፉ ማንንም አይጠብቅም። ዛሬ ገጽ አርባ ከሆነ ነገ አርባ ሁለት ነው፤ የገባውም ያልገባውም እኩል ገጽ ይገልጣል። እኛ ምን አልን? በቀን አንዲት ሰዓት፣ ጠዋት ላይ፣ መጽሐፉ ይከደን። መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ "የት ደረስክ? የት ደረስሽ?" ብሎ ይጠይቅና ከደረሰበት ያስጀምረው። መንግሥት ደግሞ ረዳት መምህር ይቅጠር፣ ቀለል ያሉ የንባብ መጻሕፍት ያሳትም፣ መምህራኑን ያሠልጥን። በቃ፣ ይኸው ነው። መመሪያው የጸደቀ ዕለት እዚሁ አዳራሽ አጨበጨብን። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ረዳት መምህር መጣ? አልመጣም። መጻሕፍቱስ? በጀት የለም ተባለ። ሥልጠናው? ግማሽ ቀን፣ እሱም መብራት ጠፍቶ። የመጣው ፖስተር ነው። ደግሞ ሲያምር! የሚስቁ ልጆች አሉበት። እሱ ለሁሉም ትምህርት ቤት ደርሷል፣ አልክድም።

ያም ሆኖ በባዶ እጃቸው የሠሩበት ነበሩ። ሾፌራችን፣ ያ "ፍሬን" የምንለው፣ ይኸው ከኋላ ተቀምጦ ይስቃል፣ አንድ ቀን ሰፈሬ ያለው ትምህርት ቤት አደረሰኝ። መምህርቷ ገና ወጣት ናት፤ ድምጿ ግን ከወዲሁ ተዘግቷል። ከስድሳ በላይ ልጅ ይዛለች። ከፊሉ ወለሉ ላይ በጠርሙስ ክዳን ይደምራል፣ ከፊሉ መስኮቱ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያነባል፣ ጥቂቶቹ ሰሌዳው አጠገብ ከእሷ ጋር ፊደል ይለያሉ። ጫጫታው አይጣል ነው! ግን እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ልጅ አላየሁም። ፍሬን በመስኮት አይቶ "እትዬ፣ እኔን እንዲህ ያስተማረኝ ቢኖር ይሄኔ ሚኒስትር ነበርኩ" አለኝ። "መኪናውን ማን ይነዳልን ነበር ታዲያ?" አልኩት።

ሰሌዳው አጠገብ ከቆሙት አንዷ የልጄ ልጅ ናት። ሚጣ እንላታለን፣ እኔው ጋ ነው የምታድገው። ሦስት ዓመት ተምራ ማንበብ አትችልም ነበር። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ቤት የምታድግ ልጅ እኮ ናት! አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ሲያነብ ትሰማና በቃሏ ትይዛለች፤ ከዚያ ዓይኗን ገጹ ላይ ተክላ ትወርደዋለች። እኔም ጎበዝ አንባቢ ናት ብዬ ለጎረቤት ሳወራ ነበር።

ማንበብ የጀመረችው መጽሐፉ በሚከደንባት በዚያች የጠዋት ሰዓት ነው። አሁን መንገድ ላይ ስንሄድ በየሱቁ ደጃፍ ትገተራለች። "ጫ... ማ... ጥ... ገ... ና... ጫማ ጥገና!" ብላ ስትጮህ ጫማ ሰፊው ደንግጦ ቀና ይላል። አንጀቴን ትበላኛለች። አጫጭሩን ቃል ለይታለች፤ ረጅሙ ሲመጣ ግን በጣቷ እየተከተለች መሃል ላይ ይጠፋባታል። መምህርቷ "አንድ ዓመት ብቻ ስጡኝ፣ ትደርሳለች" ትላለች።

ከዚያ ኢንስፔክሽን ሄደባት። የመመዘኛው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ይላል? "ተማሪዎች በሙሉ በዕቅዱ በተመደበው ገጽ ላይ ናቸው ወይ?" አልነበሩማ! ሦስት ቦታ ነበሩ። "የተዘበራረቀ ክፍል" ተብላ ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጣት። አድርጊ ብለን ያዘዝናት እኛ፣ ለምን አደረግሽ ብለን የቀጣናትም እኛ።

ኮሪደሩን ተሻግሬ ኢንስፔክሽን ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። "ደንቡ" እያላችሁ የምታሙትን ማለቴ ነው። ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ፣ ፊት ለፊትህ ነው የማወራው።

"መመሪያው በየአቅሙ ይላል፣ መመዘኛህ በአንድ ገጽ ይላል። ኧረ አስታርቀን" አልኩት።

"እትዬ፣ ደንቡ ካልተቀየረ እኔ ምን ላድርግ?"

"ማን ይቀይረው?"

"ኮሚቴው።"

"ኮሚቴው ማን ነው?"

በጣቱ እየቆጠረ "እኔ፣ እርስዎና የመምሪያ ኃላፊው ነን" አለኝ።

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ተሰበሰብን። ምን ብንወስን ጥሩ ነው? መመዘኛውን ለመንካት ከላይ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ያቺን ሰዓት ከመመዘኛው ጋር እናስማማት ተባለ። ለእሷም የጋራ ገጽ ወጣላት። ሰኞ፣ ሁሉም በየአቅሙ ገጽ አምስት። ማክሰኞ፣ ሁሉም በየአቅሙ ገጽ ስድስት። ጉድ እኮ ነው! እኔ አይሆንም አልኩ፤ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ።

መምህራኑ ፈሩ፣ ማን ይፈርድባቸዋል? ትምህርት ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዉት። አሁን ደግሞ "መመሪያው የሚጠበቀውን ውጤት ስላላሳየ" ከመጪው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሰዓቷ እንድትቀር ተወስኗል። ለየትምህርት ቤቱ የሚላከው ሰርኩላር ሰኞ ይበተናል። ሚጣም ገጽ ወደሚገልጡት ትመለሳለች። በቃሏ ወደመያዝ ትመለሳለች ማለት ነው።

ያላንኳኳሁት በር የለም። ክቡር ኃላፊያችን "እኔም ልጆች አሉኝ፣ ግን እጄ ታስሯል" አሉኝ፤ አምናቸዋለሁ። ደንቡ "ከላይ ነው" አለኝ፤ እሱንም አምነዋለሁ። ላይ ወጣሁ። ላይ ያሉት "ከታች የመጣ ሪፖርት ነው እኮ" አሉኝ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። አንድ ክፉ ሰው ባገኝ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። አጣሁ። ሁላችሁም ደጋጎች ናችሁ፣ ስታመም ጠይቃችሁኛል፣ ስቸገር ደርሳችሁልኛል። ማንን ልውቀስ?

አሁን ታዲያ ምን አድርጉ ልበላችሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ጨንቆኛል። ምን መደረግ እንዳለበት ጠፍቶን አይደለም። መመዘኛው "ልጁ ከነበረበት ፈቀቅ ብሏል ወይ?" ብሎ ይጠይቅ። መጽሐፍ ይታተም፣ የክፍሉ ልጅ ይቀነስ፣ መምህሩ ይታመን። ይህን ከእኔ አሳምራችሁ የጻፋችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል። መታወቂያዬን ጠዋት አስረክቤያለሁ፤ ዘበኛው "ከእንግዲህ እንግዳ ነዎት፣ ተፈትሸው ነው የሚገቡት" ብሎ ቀልዶብኛል። ዓይኔ እያየ ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ ይኸው ነው።

በሉ ልመርቃችሁ። ጤናውን አብዝቶ ይስጣችሁ። ሥራችሁ ይቅና፣ ቤታችሁ ይሙላ። ወጣቶቹ፣ የጻፋችሁት ሲሠራ ለማየት ያብቃችሁ። ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ የሚጠብቃቸው አስተማሪ አይጡ። አሜን በሉ እንጂ!

ዛሬ ጠዋት ስወጣ ሚጣ ቦርሳዬን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሰዓቷ እንደምትቀር መምህርቷ ነግራቸዋለች መሰለኝ።

"እማማ፣ መጽሐፉን የምታወጡት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?"

"እኛ ነን።"

"ታዲያ ንገሪያቸዋ! ሚጣ ገና አልጨረሰችም በያቸው።"

ይኸው ነገርኳችሁ። ማታ በሩን የምትከፍትልኝ እሷ ናት። "ነገርሻቸው?" ትለኛለች፤ "አዎ" እላታለሁ። ቀጥላ "ምን አሉ?" ማለቷ አይቀርም።

ምን አሉ ልበላት?