የአቶ እሱባለው ናሙና ለምን ተበላሸ

ዛሬ የምንሸኛቸው የሥጋ መርማሪው አቶ እሱባለው ወረታ ከተማ የገቡ ዕለት ክረምት ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ውጧቸው፣ «ቄራው የት ነው?» አሉ። ደሞዝ የሚባለው ዘበኛ ዋርካውን አሳያቸው።

«ከዛፉ ሥር?»

«የለም ጌታዬ፣ ከዛፉ ላይ። ሥጋው የሚሰቀለው እዚያ ነው።»

ሣቁ፣ ሣቁ እንግዶች! የይፋግ ሥጋ ሻጮች እኒህን ሰው ከሩቅ ሲያዩ ቢላቸውን ይደብቁ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቤዛም «በሠርጋችን ዕለት እኔንም መርምሮ ማኅተም ሊመታብኝ ነበር» ይላሉ።

አሁን ግን ሣቁ ይብቃን። በ2001 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ ለምግብ ቤቶች የሚያቀርበው የተፈጨ ሥጋ የአህያ ተቀላቅሎበታል ተብሎ ተጠረጠረ። አቶ እሱባለው «የተፈጨ ሥጋ በዐይን አይለይም» አሉ፤ «ዲ ኤን ኤው ግን ቢፈጭም ቢቀመምም የእንስሳውን ዘር ይናገራል።» ናሙናውን በበረዶ አሽገው፣ ወደ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ የሚሸኝበትን ደብዳቤ ለእኔ፣ ለመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ አመጡ።

«ሥጋ»ን በእሳቱ ሰ ጽፈውት ነበር። «በንጉሡ ሠ ይታረም» ብዬ መለስሁት።

«እትዬ ሰብለወንጌል፣ በረዶው እየቀለጠ ነው!»

«ፊደሉም እየጠፋ ነው» አልኋቸው።

አርመው ሲመለሱ ዐርብ ከሰዓት ሆኗል፤ ፈራሚው ኃላፊ አንበሳሜ ሄዷል። መብራትም ጠፋ። ሰኞ ዕለት ሣጥኑ ሲላክ ይሸት ነበር። ከላቦራቶሪው «ናሙናው በስብሷል፤ መለየት አልተቻለም» የሚል መልስ መጣ። ሁለተኛ ናሙና ሲወሰድ ነጋዴው ሰምቶ ኖሮ ንጹሕ የበሬ ሥጋ ብቻ ተገኘ።

«ናሙና በቸልተኝነት አበላሽቷል፤ የሰው ስምም አጥፍቷል» ተብለው ከምርመራ ተነሡ። ሰባት ዓመት ቆዳ ሲመዘግቡ ኖሩ። የተግሣጹን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቼ ከማኅደራቸው ያሰርሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ እያወቅሁ አንድ ቃል አልተናገርሁም። በጡረታ ከወጣሁ በኋላ ተግሣጹ ይታረም ብዬ ለቢሮው ጻፍሁ፤ መልስ የለም። ያን ወር የበላነውንም ዛሬ የሚነግረን የለም። ሥጋው አልቋል።

አቶ እሱባለው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሜን ሳያነሡ ስለ ቻሉልኝ አመሰግንዎታለሁ። ከሚችሉልኝስ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሉ ብርጭቋችንን እናንሣ። ጤና ይስጥዎ፤ ልጆችዎ ይክበቡዎ። እኔ ግን ቀድሜ አልጠጣም። ይቅር ካሉኝ እርስዎ ይጎንጩ። ካላሉኝ ያስቀምጡት፤ ማንም አይታዘብዎትም።

ቆሜ እጠብቃለሁ።