የኦቦ ኤጄታ የብርሃን ዘንግ

ጓድ ርዕሰ መምህር፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወይዘሮ ወርቅቱ፣ እንዲሁም ከዛሬ ጀምሮ ፊዚክስን ጥለውልን የሚሄዱት ኦቦ ኤጄታ፤

እኔ ኩምሳ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ፣ እንድናገር የተመረጥኩት አንደበቴ ስለሚጣፍጥ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳሾፍባቸው የኖርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ኦቦ ኤጄታ በ1968 ወደዚህ ትምህርት ቤት ሲመጡ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ነበር። ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ጥበቃው ሞቱማ ጠመንጃ መስሎት በር ላይ አቆማቸው። ጥቅልሉን ሲፈታው እንደ መስተዋት ጥርት ያለ የፕላስቲክ ዘንግ ሆኖ አገኘው። ምንድን ነው ቢላቸው፣ "የብርሃን መንገድ ነው" አሉት። ሞቱማ ብዙ አሰበና መዝገቡ ላይ "አንድ መምህር ከነዱላው ገብቷል" ብሎ ጻፈ። ስለ ኦቦ ኤጄታ ምርምር እስከ ዛሬ ከተጻፈው ሁሉ ግልጹ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላየንም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚሠሩ ሰዎች ትርፍራፊ ፕላስቲክ ለምነው ያመጣሉ፤ በእኛው የሻይ ምድጃ ላይ እያሞቁ ያጎብጡታል። ሻያችን ለዓመታት ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይል ነበር፤ ስኳር በጠፋ ጊዜ እንደ ማጣፈጫ ቆጠርነው። የዘንጉን ጫፍ የሚወለውሉት በጥርስ ሳሙና ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅቱ ከባሏ ጥርስ ይልቅ ዱላው እንደሚነጣ ለባለቤቴ ነግራታለች። ዘንጉን በእጁ የነካ ደግሞ ወዮለት፤ የጣት ቅባት ካረፈበት ብርሃኑ በዚያ በኩል ያመልጣል ይላሉ። ካልተነካ ግን በአንዱ ጫፍ ገብቶ፣ ውስጥ ለውስጥ እየነጠረ፣ ዘንጉ ሲታጠፍ አብሮ ታጥፎ በሌላው ጫፍ ይወጣል። አንድ ቀን ስልክም በዚህ ዓይነት መንገድ በብርሃን ይሄዳል አሉን። ያን ሳምንት ጊንጪ ከተማ ለመደወል ስልክ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሼ ነበርና በጣም አጽናኑኝ።

አሁን ግን አራት ዓመት የደበቅኩትን ልናገር።

በ1978፣ በፋሲካ ማግስት፣ የዶሮ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰነቀረ። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። መብራት የለም። ሲስተር ብርቅነሽ በእጅ ባትሪ ብታይ፣ ብርሃኑ ጥርሴን እንጂ ከምላሴ ጀርባ ያለውን አያሳያትም። አዲስ አበባ የሚያደርስ መኪና ተፈልጎ ጠፋ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፤ ትንፋሼም ያጥር ጀመር። ልጇ የኦቦ ኤጄታ ተማሪ ነበረችና፣ ሲስተር እሳቸውን አስጠራች።

መጡ። ዘንጋቸውን አሙቀው በጉሮሮ ልክ አጎበጡት፤ ሲቀዘቅዝ በአልኮል ጠረጉት፤ ባትሪውን በአንዱ ጫፍ በጥቁር ጨርቅ አሰሩበት። እኔ ልሞት ስል እሳቸው ለሲስተር ስለ ነጸብራቅ ያስረዳሉ። ከዚያ የጎበጠው ጫፍ አፌ ውስጥ ገባ።

"አየሁት" አለች ሲስተር፤ በመቆንጠጫ መዝዛ አወጣችው።

ነፍሴ ስትመለስ ኦቦ ኤጄታ ዘንጉን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው እያዩ፣ "ነክሰኸዋል" አሉኝ።

በማግስቱ መምህራን ክፍል የገባሁት አንገቴን ደፍቼ ነው። ያ ሁሉ ያሾፈ አፍ በዚያው ዱላ እንደዳነ ለሰው ሁሉ አውርተው ይጠብቁኛል ብዬ ነበር። አላወሩም። ሳምንት አለፈ፤ ዓመት አለፈ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ፤ ይባስ ብዬ ማሾፌን ቀጠልኩ። ባለፈው ወር ለምን ለማንም እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው።

"ጉሮሮው ያንተ ነው፤ የምትናገረውም አንተ ነህ" አሉኝ።

ይኸው ተናገርኩ። ያኔ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጄ ዱሬቲ ዛሬ አባት ያላት በእርስዎ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ።

እስቲ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሱልኝ። ለኦቦ ኤጄታ ጤና፣ አገራቸው ደንዲ ለሚጠብቃቸው ቤትና ማሳ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ አብራቸው ለምትውለው ለወይዘሮ ወርቅቱም ትዕግሥት። ዕድሜ ይስጥልን፤ ኦቦ ኤጄታ፣ እናመሰግናለን፣ ገለቶማ።