ቧንቧው ያልደረሰበት ሰፈር

በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ቃሊቲ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር የነበሩት አቶ ቀጀላ ለስድሳ አባወራ የቤት መሥሪያ ቦታ የሚያስፈቅድ ደብዳቤ ይዘው ወደ ፕላን መሥሪያ ቤት ሄዱ። ደረጃው ላይ ከጀዋሂር ጋር ተገናኙ። ጀዋሂር የቀበሌያቸው ነዋሪ የሆነው የወሎዬው ነጋዴ የደርዊሽ ልጅ ስትሆን፣ ተምራ እዚያው ተቀጥራለች። ሰላምታ ተለዋውጠው ደብዳቤውን ስታነብ ፊቷ ተለወጠ፤ ማኅተም ከማስመታታቸው በፊት አንድ ነገር እንዲያዩላት ለመነቻቸው።

ያስገባቻቸው ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር ነበር። መስታወቱ ላይ የአካባቢው ካርታ በአረንጓዴ መስመር ተስሎ ይታያል። ሰፈር የት ቢሠራ መንገዱና ውሃው ስንት እንደሚያስወጣ፣ በጀቱም እስከ መቼ እንደሚዘልቅ አስልቶ እንደሚያሳይ አስረዳቻቸው። አቶ ቀጀላ አልተዋጠላቸውም። ደብዳቤው ላይ የተጠየቀው ሜዳ አባታቸው ጤፍ ያረሱበት ነው፤ ደረቁንም ረግረጉንም ያውቁታል።

«መሬቱ ሰፊ ነው፣ የሚከፈልበትም የለም» አሉ። «ሕዝቡ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆኖ ያድራል። ማሽን እስኪፈቅድልን እንጠብቅ ነው የምትይኝ?»

«ለመሬቱስ አይከፈልም፣ ጋሼ። የሚከፈለው ለቧንቧው ነው። ቦታው ከዋናው የውሃ መስመር በጣም ይርቃል። ቧንቧው ገና መንገድ ላይ እያለ በጀቱ ያልቃል።»

«ነገን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ጀዋሂር እያመነታች፣ ከአምስት ዓመት በፊት የተቆረቆረውን የወንዝ ዳር ሰፈር ካርታ አወጣች። ሽማግሌው ሲያዩት ደነገጡ። እንዲሠራ የፈረሙት እሳቸው ነበሩ። ቧንቧ ሳይደርስ ሰው ገባበት፤ የገባውም ከወንዙ ጠጣ፤ በአንድ ክረምት አሥራ አንድ ሕፃናት በተቅማጥ አለቁ። አንዱ የልጃቸው የሁንዴና የሚስቱ የወርቅነሽ የበኩር ልጅ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ የእግዜር ቁጣ ነው ብሎ አጽናናቸው፤ እሳቸውም ያንኑ ይዘው ኖሩ።

ጀዋሂር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስገባችው የዚያን ጊዜውን በጀትና ርቀቱን ብቻ ነበር። መልሱ ወጣ፦ ገንዘቡ የሚያልቀው ቧንቧው ከሰፈሩ ስምንት መቶ ሜትር ሲቀረው ነው። አቶ ቀጀላ ቱቦዎቹ ዝገው የተጋደሙበትን ቦታ ያውቁታል። እዚያው ነው።

«ያኔ ይህ ነገር ቢኖር ኖሮ ይታይ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«ይህ ባይኖርም በወረቀትና በእርሳስ ይታይ ነበር፣ ጋሼ። የጠየቀ ሰው ጠፍቶ ነው።»

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በሚቀጥለው እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ቦታው ይለወጥ ብለው ሲያቀርቡ አዳራሹ ታወከ። ዋናው መስመር አጠገብ ያለው ቦታ የሚበቃው ለአርባ ቤት ነው፤ ሃያ አባወራ ሊጠብቅ ነው። ከአካባቢው ፋብሪካ ሠራተኞች አንዱ ተነሥቶ፣ ጓድ ሊቀመንበር ጉቦ በልተዋል አለ። አቶ ቀጀላ አልተቆጡም።

«የወንዝ ዳሩን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጆቹን የገደላቸው ቁጣ አይደለም፤ ሳላሰላ መፈረሜ ነው።»

ወርቅነሽ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የአማቷን ደጅ አልረገጠችም።

አርባው ቤት ተሠራ። ግድግዳው ሳይመረግ ቦኖው ውሃ ሰጠ። ለሩቁ ቧንቧ ሊፈስ የነበረው ገንዘብ ስለተረፈ፣ ሃያዎቹም ሌላ ቦታ ላይ በሦስተኛው ዓመት ቤት አገኙ። አስቀድሞ ማስላት የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ የሚቆጨውም ዘግይተው ሲማሩት ነው። የመጀመሪያው ክረምት ገብቶ እስኪወጣ ከአዲሱ ሰፈር አንድም ሕፃን አልተቀበረም።