በስቅለቱ መጋረጃ ላይ የተጣፈችው እራፊ

ከያላችሁበት ተሰባስባችሁ እህታችንን ለመሸኘት የቆማችሁ ወገኖች፣ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። በቁማቸው አንቺ ስላቸው ኖሬ አንቱታው ዛሬ ስለ መጣልኝ ይቅር በሉኝ።

እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወልደው፣ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ እናታችን በማረፋቸው ደብተራቸውን አስቀምጠው እኔን እያጠቡ፣ እያበሉ፣ ሲያስፈልግም በጥፊ እያሉ አሳደጉኝ። ጥፊያቸው ቀላል አልነበረም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ተቀጥረው በመስኮቱ ሥር ባለችው የስፌት መኪና ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሰፉ። በዚያው ዘመን ከከባድ መኪና ሹፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ እኔንም ለምነው ልብስ ተኳሽ አድርገው አስቀጠሩኝ።

ልጆቻቸው የሰጡኝ ወረቀት እዚህ ላይ «ካውያ ረስተው ጨርቅ በማቃጠላቸው ከሥራ ተሰናበቱ» ይላል። ሰፈሩም ቢሆን «ካውያዋ» ብሎ የሚጠራቸው በዚሁ ነው። ልጆቼ፣ የጻፋችሁት የነገሯችሁን ነውና አልፈርድባችሁም፤ እኔ ግን በአስከሬናቸው ፊት ይህን መስመር እንዳለ ማንበብ አልችልም።

የስቅለት ዋዜማ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያን የሚሰቀለው ጥቁር መጋረጃ በጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ የጋለውን ካውያ በላዩ ትቼ የኳስ ጨዋታ በራዲዮ ላዳምጥ ወደ ጥበቃው ክፍል ሄድኩ። ስመለስ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታ፣ እህታችን ካውያውን አንሥተው ይዘው ቆመዋል። አለቃችን «ማን ነው ያቃጠለው?» ብለው ሲጮኹ ምላሴ ተሳሰረ፤ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር። እህታችን «እኔ ነኝ» አሉ። እዚያው ተባረሩ፤ ከመውጣታቸው በፊት ግን ቁጭ ብለው ቀዳዳዋን በዚያው ጨርቅ እራፊ ጣፏት።

ከዚያ ወዲያ የቀጠራቸው ድርጅት የለም። በቤታቸው የሰው ልብስ እየጠጋገኑ ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ፣ በየበዓሉ ተሰብስበን «እማዬ፣ ካውያ እንዳትነኪ!» ተብሎ ሲቀለድባቸው እሳቸውም ይሥቁ ነበር። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ወይ ነዶ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ሠላሳ አንድ ዓመት አደረ።

ስቅለት በመጣ ቁጥር እህታችን ከዚያች እራፊ ፊት ቆመው ሲሰግዱ ይውሉ ነበር። እኔ ከበስተኋላ፣ ዓምዱን ተከልዬ ነው የምሰግደው። አንድ ዓመት አላስችል ብሎኝ «እንደ ጌታ የሰው ጥፋት ተሸክመሻል፤ ለሰው ልንገር» ብላቸው፣ «እኔማ ለወንድሜ ነው፤ ጌታ ግን ለሰቀሉት ነው፤ የእኔን ከእሱ ጋር አታስተካክል» ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ዝም አልኩ። ደስም ብሎኝ ነበር።

ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ የስኳር በሽታ ዐይናቸውን አደከመው። ባለፈው ስቅለት እጃቸውን ይዤ ወስጃቸው መጋረጃውን በጣታቸው ዳስሰው እራፊዋን ሲያገኟት፣ «አልለቀቀችም» አሉና ፈገግ አሉ። ትናንት ማለዳ በተወለዱ በሥልሳ ሁለት ዓመታቸው ዐርፈዋል።

እህታችን አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም መጋረጃውን ያቃጠለ አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል።

የሌላውን ጥፋት የተሸከመ አምላክ የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። እናንተም ከዛሬ ጀምሮ ካውያው ብላችሁ የምትጠሩት እኔን ይሁን።